በመጻሕፍት ገበታ ያደረ የሕንድ ጨርቅ

የብራና መጻሕፍትን በማደስ ሥራ የተሰማራ ሰው ልቡን ሁሉ ለጽሕፈቱና ለሥዕሉ ይሰጥ ዘንድ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ እኔ ግን አንድ መጽሐፍ ከማኅደሩ ወጥቶ በፊቴ ሲቀመጥ አስቀድሜ የምመለከተው የገበታውን ውስጠኛ ፊት ነው፤ ደጓሹ ቆዳውን በእንጨቱ ላይ ስቦ ጠርዙን ወደ ውስጥ ካጠፈ በኋላ፣ በመካከል በሚቀረው አራት ማዕዘን ላይ ለቃሉ ክብር ሲል ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይለጥፍበት ነበርና። ከእነዚህም ጨርቆች ጥቂት የማይባሉት የሕንድ አገር እደ ጥበብ ናቸው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ እንኳ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሕንድን የጥጥ ጨርቅ ይቆጥራል።

በሕንድ የምትገኘው የጉጃራት ሕትም ጨርቅ ሲያጋጥመኝ ሥራዬን አቁሜ ረዘም ላለ ጊዜ አየዋለሁ። የዚያ አገር አታሚዎች ቀለሙን እንዲሁ በጨርቁ ላይ አይቀቡትም፤ በተቀረጸ የእንጨት ማኅተም፣ ቀይ እንዲሆን በወደዱት ስፍራ ሸብ፣ ጥቁር እንዲሆን በወደዱት ስፍራ ደግሞ ከዛገ ብረትና ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ተብላልቶ የተዘጋጀውን ውሕድ ያትሙበትና፣ ከዚያ በኋላ ጨርቁን በሙሉ ቀይ ቀለም ከሚሰጥ የተክል ሥር ጋር በአንድ ዕቃ ሲቀቅሉት፣ ሸብ የነካው ይቀላል፣ ብረት የነካው ይጠቁራል፣ ምንም ያልነካውም ታጥቦ ፀሐይ ሲመታው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ዘመን ሲረዝም ብረቱ ጥጡን ይበላዋል፤ ስለዚህም ቀዩ አበባ ደኅና ሆኖ ሳለ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር መስመር ረግፎ፣ የገበታው እንጨት ከሥሩ ይታያል። ይህን ያላወቀ ጠራዥ ብል የበላው ይመስለውና ገንጥሎ ይጥለዋል፤ በዚህም ሁኔታ የጠፋው ብዙ እንደ ሆነ ባዶ የቀሩት ገበታዎች ይመሰክራሉ።

የብረትን ነገር በዚያው በጉጃራት የሚገኘው የከች አውራጃ አታሚዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በ2001 እ.ኤ.አ. የደረሰው የምድር መናወጥ ዳማድካ የተባለችውን መንደራቸውን ካፈረሰና በውሃዋ ውስጥ ያለውን ብረት ካበዛው በኋላ፣ ቀለማቸው እየተበላሸ ስላስቸገራቸው፣ ከእነርሱ ብዙዎች ስለ ውሃ ብለው ቀድሞ የኖሩበትን ትተው አጅራክፑር የምትባል አዲስ መንደር ቈረቈሩ።

መጽሐፍ በየዘመኑ ስለሚጠረዝ፣ ጨርቁ ብቻውን የጽሕፈቱን ዘመን ያስረዳል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ደጓሹ ምን እንዳከበረ፣ ነጋዴውም ምን ጭኖ እንደ ተሻገረ የሚናገር ሌላ ምስክር በእጃችን የለም ለማለት የሚያስደፍር ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የአብያተ ክርስቲያናት ገበዞችንና የዕቃ ቤት ጠባቂዎችን በትሕትና የምለምነው ይህን ነው፤ መጽሐፍ ሲታደስ አሮጌውን ጨርቅ በስፍራው ተዉት፤ መጽናት ያልቻለውንም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የመጽሐፉን ስም ጽፋችሁ፣ በዚያው በማኅደሩ ውስጥ አኑሩት።