በጉ ለምን ረከሰ? ስለ ደስታ መሰል በሽታ

ጀሞ ተቀምጬ ዋጋ ስጽፍ «በግና ፍየል አንድ ገበያ ላይ በድንገት ለምን ይወርዳል?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። መልሱ ሁሌም የገዢ ማነስ አይደለም። አንዳንዴ ደስታ መሰል በሽታ ነው።

ቫይረሱ ሰው አይዝም። በግና ፍየል ላይ ግን ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ያመጣል፤ ያረገዘችውንም ያስወርዳል። አርቢው ሳል ሲሰማ መንጋውን በጥድፊያ ገበያ ያወጣል። ዋጋ ይወድቃል፣ በሽታውም አብሮ ተጭኖ ሌላ ወረዳ ይገባል። የሞተውና የተጨነገፈው ደግሞ ለሚቀጥለው በዓል አይደርስም፤ ላኪው ኮንትራት ይዞ በግ የሚያጣው ያኔ ነው።

አገራችን ውስጥ የተረጋገጠው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ክትባት ግን ቢሾፍቱ ይመረታል፣ አንድ ጊዜ ከተወጋ ቢያንስ 3 ዓመት ይከላከላል። ችግሩ ቅዝቃዜው ነው። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ መንገድ ላይ ከሞቀ ውሃ መውጋት ማለት ነው። እኔ ዩኒየን ብሆን ከሁሉ በፊት የበረዶ ሳጥን እገዛ ነበር። ከ3 ወር በታች ያሉ ግልገሎች ከእናት ያገኙት መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፍባቸው ስለሚችል ቆየት ብለው ይከተቡ።

ነጋዴዎች፦ አዲስ የገዛችሁትን 21 ቀን ለይታችሁ አቆዩ፤ የዚያን መኖ ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት። ሻጩንም መቼ እንዳስከተበ ጠይቁት። የከብቱ ደስታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ለዚህኛው የተያዘው ቀጠሮ 2030 ነው።