ለክሊኒክ ሐኪም ሲቀጠር ሕጉ ምን ይላል?

የግል ክሊኒክ የሚከፍት ሰው ለቤት ኪራዩ፣ ለአልትራሳውንዱና ለላቦራቶሪው ዕቃ ወራት ይደክማል። ሐኪሙን ግን ብዙ ጊዜ በቃል ተስማምቶ ያስገባል። ደመወዙና የሥራ ሰዓቱ ከተነገረ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሕጉ ግን ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የጤና ቁጥጥር፣ የአሠሪና ሠራተኛ፣ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሕጎች ሁሉ እዚህ ቅጥር ላይ ይገናኛሉ፤ የአንዱ መዘንጋት የሚታወቀውም ታካሚ ሲጎዳ ወይም ሐኪሙ በድንገት ሲለቅ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የሙያ ፈቃድ ነው። ዲግሪ ብቻውን ለማከም አያበቃም፤ ሐኪሙ የተመዘገበና ፈቃዱን በወቅቱ ያሳደሰ መሆን አለበት። ቀጣሪው ፎቶ ኮፒ ፋይል ውስጥ ከማስቀመጥ አልፎ ፈቃዱን ከሰጠው አካል ዘንድ ማጣራት ይኖርበታል። ፈቃዱ ምን እንደሚልም ያንብብ፤ የጠቅላላ ሐኪም ፈቃድ የያዘን ባለሙያ በስፔሻሊስትነት ማሠራት ክሊኒኩንም ያስጠይቃል። ከሌላ ተቋም የመጣ ከሆነ መልቀቂያው፣ በመንግሥት ወጪ የተማረ ከሆነ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታው መታየት አለበት። የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ሐኪም የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ያለው ሐኪም ከሥራ ፈቃድ ነፃ ነው፤ ከሙያ ፈቃድ ግን ነፃ አይደለም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ተመልሰው ለመሥራት የሚያስቡ ሐኪሞች ይህን ልዩነት ቀድመው ቢያውቁ ብዙ ምልልስ ይቀርላቸዋል።

እዚህ ላይ ፈቃድ ማከራየት የሚባለውን ብልሹ አሠራር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ሐኪሙ ስሙንና ፈቃዱን ለክሊኒኩ ይሰጣል፣ በየወሩ ገንዘብ ይቀበላል፣ ታካሚ ግን አያይም። ይህ ቅጥር ሳይሆን ማታለል ነው፤ የሚጎዳውም ሐኪም አየኝ ብሎ የሄደው በሽተኛ ነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ብዙ ክሊኒኮች በየዓመቱ የሚታደስ የአንድ ዓመት ውል ያስፈርማሉ። አዋጁ ግን የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ስለሆነ ዘላቂ ሥራ በዓመት በመቆራረጡ ጊዜያዊ አይሆንም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ዱቲ ከዚህ ሲያልፍ ትርፍ ሰዓት ይሆናል፤ ክፍያውም በቀን የደመወዙ 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ከደመወዙ ግብር ቀንሶ ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ሲሆን ለጡረታ ደግሞ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ሜዲካል ዳይሬክተር የሥራ መሪ ከሆነ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የእሱ ውል በጥንቃቄ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው።

አስቸጋሪው በፐርሰንት የሚሠራው ስፔሻሊስት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን መጥቶ ካየው ታካሚ ድርሻውን ይወስዳል። በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይመለከተውም። ይሁንና ሰዓቱን፣ ዋጋውንና የታካሚውን ቁጥር ክሊኒኩ ከወሰነ፣ በክሊኒኩ መመሪያ ሥር ከሠራ፣ ወረቀቱ ላይ አማካሪ መባሉ ብቻውን አያድንም። በእኔ እምነት አብዛኛው ክርክር የሚወለደው ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሥራ ስለሚጀመር ነው። ውሉ ማን እንደሚያዝ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ የሕክምና መዝገቡ የማን እንደሆነ በግልጽ ይናገር።

ይህ ሁሉ ክብደት የሚያገኘው ጉዳት ሲደርስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሐኪም በጽሑፍ ካላረጋገጠ በቀር ታካሚውን ለማዳን ዋስትና እንደሰጠ አይቆጥርም፤ የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ ጥሶ ሲያጠፋ ነው። ያን ጊዜ ግን የሕክምና ተቋሙም ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ካሣ ይከፍላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣት፣ በአንቀጽ 537 የሕክምና እርዳታ መከልከል ያስቀጣሉ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት መድቦታል፤ የታካሚ የምርመራ ፎቶ በቴሌግራም መላላክ ለለመዱ ክሊኒኮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሙያ ኃላፊነት መድን የሚገባው ማን እንደሆነ በውሉ ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

መለያየትም ሕግ አለው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሐኪም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ በአንድ ሐኪም ስም ፈቃድ ያወጣ ክሊኒክ ተተኪ የማግኛ ጊዜው ይህ ወር ብቻ ነው። አሠሪው ሲያሰናብት ግን ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልገዋል። ያላግባብ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሐኪም በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ያለው በ6 ወር ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይታገዳል።