ስሟ ቶዮታ፣ እግሯ ሱባሩ

ቸርኬው እምቢ አለ። አምስቱ ቡሎኖች በአምስቱ ቀዳዳ ብቅ ብለዋል፤ አንዱም አልተዛነፈም። መሀሉ ላይ ግን ቸርኬው የሚሰካበትን የመሀል ብረት፣ የሞዞውን፣ አፍ ነክቶ ቆመ። የጎማ ቤቱ ባለሙያ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ትንሽ አዞረው፣ ደግሞ ገፋው። ከዚያ አወረደና መሬት ላይ አስተኝቶ የመሀል ቀዳዳውን በካሊፐር ለካ፤ 54.1 ሚሊ ሜትር። ተነሥቶ ሞዞውን ለካ፤ 56.1። «በሁለት ሚሊ ሜትር ተጣልተዋል» አለና ራሱ እንዲያይ ካሊፐሩን ለእህቴ ልጅ አቀበለው።

ያለነው አፉላ ነው፤ በኢይዝራኤል ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የተቆረቆረች፣ ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤል የሚኖርባት ከተማ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ተወልዶ አድጎ፣ ውትድርናውን ጨርሶ፣ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለች ቶዮታ ጂቲ86 ገዛ። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ኃይሏ ወደ ኋላ እግሯ የሚሄድ መኪና ናት። ከአንድ የፕሪየስ ባለቤት ደግሞ ጥቁር የተቀቡ አራት ቸርኬዎች አገኘ። «አጎቴ፣ ቶዮታ ለቶዮታ ነው» ብሎኝ ነበር። ምክንያቱ መጥፎ አልነበረም። ሁለቱም አምስት ቡሎን አላቸው፤ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ በሁለቱም 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትልቁን ቸርኬ ያደረገችው ፕሪየስ የጎማ መጠኗ እንኳ ከጂቲ86 ጋር አንድ ነው፤ 215/45 አር 17።

ስሕተቱ ስሟን ማመኑ ላይ ነው። ጂቲ86ን ቶዮታና ሱባሩ አብረው ነው የወለዷት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተመረተችው ጃፓን ጉንማ ውስጥ ባለው የሱባሩ ፋብሪካ ነው፤ ሞተሯም ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ የተኙበት የሱባሩ ሞተር ነው። እግሯም እንደዚያው። በብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ላይ ሞዞው 54.1 ሲሆን እሷ 56.1 ናት። የቡሎኗ ጥርስ ሳይቀር ይለያል፦ ቶዮታ የለመደው 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን በ1.5 ጥርስ ነው፤ የሷ በ1.25። ከኮሮላ የተፈታ ዳዶ እሷ ላይ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይከብዳል። ያን ጊዜ ጉልበት የጨመረ ሰው ቡሎኑን በላው ማለት ነው። ስሟ ላይ ያለው 86 ግን የቶዮታ ውርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተሠራችውና ኃይሏ ወደ ኋላ እግሯ የሚሄደው የኤኢ86 ኮሮላ መታሰቢያ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዲኤክስ ኮሮላ ያደገ ሰው ያቺን መኪና ቢያያት የዘመድ ፊት ይሆንበታል።

ጎማ ቤቱ ውስጥ የሚነገረውን ቃል መስማት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ባለሙያው እጁን ያፍታታው ጎንደር ጎሚስታ ቤት ነው፤ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ሞዞ፣ ክሪክ፣ ፓራፋንጎ ይላል፤ ሁሉም ከጣሊያን አፍ የቀሩልን ናቸው። የእህቴ ልጅ ቸርኬውን ጃንት ይለዋል፤ ዕብራይስጡ ከፈረንሳይኛ የወሰደው ነው። ቤቱን ደግሞ ሁለቱም ፓንቸሪያ ይሉታል፤ ፓንቸር ከእንግሊዝኛ መጥቶ እዚህ አገር ለማንኛውም ያልታሰበ ችግር መጠሪያ ሆኗል። ሦስት ቋንቋ የተሸከመው ይሄ አንድ ክብ ብረት የሚገጥመው ግን በቃል አይደለም፤ በልክ ነው።

ልኮቹ ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የቡሎኖቹ ክብ ነው፤ ለዚህች መኪና አምስት በ100። ሁለተኛው የመሀል ቀዳዳ። ቀዳዳው ከሞዞው ከጠበበ ነገሩ አለቀ፤ ቸርኬውን በማሽን ካላሰፉት በቀር አይገባም፣ ማስፋቱንም እኔ አልመክርም። ከሰፋ ግን መፍትሔ አለ። በገበያ የሚሸጡ ብዙ ቸርኬዎች ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ ቀዳዳቸው 73.1 ተደርጎ ይሠራል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ይገባበታል። ቀለበቱ ቸርኬውን በሞዞው መሀል ልክ ያስቀምጠዋል። ያለሱ ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ መሀል ይዞ ይታሰራል፤ ፀጉር በምታክል ከተዛነፈ ባላንሱ የቱንም ያህል ቢስተካከል ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል።

የአንዳንድ ፎልክስዋገን ቸርኬም አምስት በ100 ነው፤ ቀዳዳው 57.1 ስለሆነ በቀጭን ቀለበት ይገባል። ሰው በዚህ ይደሰትና ሌላውን ይረሳል። የፋብሪካው የፎልክስዋገን ቸርኬ ቡሎኑ የሚያርፍበት ጎድጓዳ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የጂቲ86 ዳዶ ደግሞ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣው ክቡ ላይ ሲያርፍ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ጠብቆ ይመስላል፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ይላላል። ባለሙያው ይህን ሲነግረን ሁለቱን ዳዶዎች መዳፉ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ነካክቶ አሳየን።

ሦስተኛው ልክ ኢቲ ይባላል። ቸርኬውን ከጎን በሁለት እኩል ብትከፍለው፣ ከሞዞው ጋር የሚላተመው ፊት ከመሀሉ መስመር ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንዳለ ይነግርሃል። የጂቲ86 የፋብሪካ ቸርኬ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ኢቲው 48 ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። 8 ኢንች ስፋት ያለው ኢቲ 35 ብትገጥም የውጭ ከንፈሩ ወደ 26 ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋል። መኪናዋ ቆማ ሳለ ያምራል፤ መሪው ተጠምዝዞ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ጎማው ፓራፋንጎውን ይልሳል፤ የኩሽኔታውም ሸክም ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሰው ስለ መልክ መናገር ያለበት። እኔ ከመልክ በፊት አሠራሩን እጠይቃለሁ። ርካሹ ቸርኬ የቀለጠ አሉሚኒየም ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚሠራ ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ሊቀርበት ስለሚችል ጥንካሬውን የሚያገኘው በውፍረቱ ነው። ውዱ ደግሞ ትኩስ አሉሚኒየም በሺህ ቶኖች ግፊት ተቀጥቅጦ የሚሠራ ነው። የልጁ ቅድመ አያት ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ወናፍ ይነፋል፣ ብረቱ ይግላል፣ መስፍ ላይ ይወርዳል፣ መዶሻ ያርፍበታል። የተቀጠቀጠ ብረት እንደሚጠነክር፣ የጠነከረውም ቀጥኖ እንደሚሠራ ያውቁ ነበር። የፋብሪካው ፕሬስ የሚሠራው ያንኑ ነው። ሬይስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ባለ ስድስት ጣት ቸርኬ ቲኢ37 የተባለው፣ 15 ኢንቹ 3.7 ኪሎ ስለመዘነ ነው። አስመስለው የሚሠሩት ግን ሞልቷል፤ መልኩ አንድ፣ ክብደቱ ሌላ። ስለዚህ ሚዛን ይዞ መሄድ ነውር አይደለም። ከጣቶቹ ጀርባም የመሸከም አቅሙንና የጃፓኑን የጥራት ምልክት፣ ጄደብሊውኤል የሚለውን፣ መፈለግ ይገባል።

ክብደቱ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ቸርኬና ጎማ ከሞላው በታች ናቸው፤ መንገዱ ሲነሣ ይነሣሉ፣ ሲወርድ ይወርዳሉ። ሯጭ ኪሱ ውስጥ ከሚይዘው ይልቅ እግሩ ላይ የሚያስረው ይከብደዋል። ቀላል ቸርኬ የመንገዱን ጉብታ ተከትሎ ቶሎ ይመለሳል፤ ጎማው ከአስፋልቱ ሳይለይ ይቆያል። የሚሽከረከር ስለሆነ ደግሞ ለማስነሣትም ለማቆምም ድካሙ ይቀንሳል። እንደ ጂቲ86 ኃይሏ ሳይሆን ቅልጥፍናዋ ለሚወደድላት መኪና፣ ከባድ 19 ኢንች መግጠም ጠባይዋን መግደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ትልቅ ቸርኬ የፈለገ ሰው ቁመቱንም ማስላት አለበት። የፋብሪካው ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 625 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ18 ኢንች ላይ 215/40 ቢገባ 629 ይሆናል፤ ፍጥነት ቆጣሪው ብዙም አይሳሳትም። 225/40 ቢገባ ግን 637 ይደርሳል፤ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማ መጠን በመኪናው ፈቃድ ላይ ተጽፏል፤ በዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ በቴስቱ፣ ጊዜ ጎማው ከወረቀቱ ጋር ይተያያል። ገንዘቡን ከማውጣት በፊት ያንን ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ነው። የመሸከም ቁጥሩም አይዘለል፤ 87 የሚለው ጎማ አንዱ 545 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ከዚያ ዝቅ ያለ አይገዛም።

የእህቴ ልጅ የፕሪየሱን ቸርኬዎች መልሶ ሸጠ። በምትካቸው 17 ኢንች፣ 7.5 ስፋት፣ ኢቲ 48 የሆኑ ቀላል ቸርኬዎች ገዛ፤ ከፋብሪካው በሁለት ኪሎ ያህል ያንሳሉ፤ በየጎኑ የጨመሩት ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ነው። ወደዚያው ጎማ ቤት ተመለስን።

ባለሙያው መጀመሪያ የያዘው የሽቦ ብሩሽ ነው። ሞዞው ላይ ያለውን ዝገት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገ፤ ቸርኬው በዝገት ላይ ካረፈ ዝገቱ ሲረግፍ ዳዶው ይላላልና። ቀለበቱን አስገባ። ቸርኬውን ሲያስጠጋው የክዳን ድምፅ የመሰለ ትንሽ ጧ አለና ቁጭ አለ። አምስቱንም ዳዶ በጣቱ ጀመረ፤ የአየር መፍቻውን አልነካም። ከዚያ በቶርክ ሬንች፣ አንዱን ዘሎ ሌላውን፣ ኮከብ እንደሚሣል እያደረገ፣ መጀመሪያ በግማሽ፣ ክሪኩን ዝቅ አድርጎ ደግሞ እስከ 120 ኒውተን ሜትር አጠበቀ። «50 ኪሎ ሜትር ነድተህ ተመለስ» አለው።

ከአፉላ ቤት ሸአን ደርሶ መልስ ወደዚያ ይጠጋል። በ71 መንገድ ወረድን፤ በስተቀኛችን የጊልቦዓ ሸንተረር አለ። ስንመለስ የመጣነው የጥንቱ የእስራኤል ንጉሥ ኢዩ በሠረገላው በመጣበት አቅጣጫ ነው፤ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ እንደሚለው፣ በኢይዝራኤል ግንብ ላይ የቆመው ጠባቂ ማንነቱን የለየው ገና ከሩቅ በአነዳዱ ነው። ልጁ ግን ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ ሬዲዮውን አጥፍቶ ጎማውን ያዳምጣል። መሪው ዝም አለ።

ጎማ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ባለሙያው በየተራ ሞከራቸው፤ ሬንቹ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከሃያው ዳዶ አንዱ፣ በኋላ ግራ እግሯ በኩል ያለው፣ የጣት ጥፍር ያህል ዞረና ቀጭ አለ።