ማንም አይቶት የማያውቀውን ቀለም በምን ካሜራ ይቀርጹታል?

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና አይታችሁት የማታውቁትን ቀለም አስቡ። ቀይ አይደለም፣ አረንጓዴ አይደለም፣ የእነሱ ድብልቅም አይደለም። አቃታችሁ አይደል? እኔንም አቅቶኛል። አሁን ደግሞ ያንኑ ቀለም ፊልም ላይ አምጡት ብትባሉስ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤች ፒ ላቭክራፍት የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ነበር፤ በ1890 ተወልዶ በ1937 የሞተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የእሱ ማስፈሪያ ቢላዋ የያዘ ነፍሰ ገዳይ ወይም ደም መጣጭ አይደለም። ከሕዋ የመጣ፣ ለሰው ልጅ ፍቅርም ጥላቻም የሌለው፣ እኛን ከጉንዳን የማይለይ ነገር ነው። በነገራችን ላይ ሰውየው ለጥቁር ሕዝብ የነበረው ንቀት በጽሑፎቹ በግልጽ ይታያል። አልደብቅለትም፤ ስታነቡት ያናድዳችኋል።

በ1927 የታተመች አንዲት አጭር ልቦለድ አለችው፤ በአማርኛ «ከሕዋ የመጣው ቀለም» ልንላት እንችላለን። የሰማይ ድንጋይ ከአንድ ገበሬ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ይወድቃል። ውስጡ ስም የማይወጣለት ቀለም አለ። በዚያ ዓመት ፍራፍሬው ግዙፍና የሚያብረቀርቅ ሆነ፤ ሲቀምሱት ግን መረረ። ከዚያ ሚስት አበደች፤ ከብቱ ግራጫ እየሆነ ተፈረፈረ፤ ልጆቹም ተራ በተራ አለቁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ምን መሰላችሁ? ጎረቤታቸው ውሃው ደህና እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። እነሱ ግን ከዚያው ጉድጓድ መጠጣታቸውን አልተዉም፤ ቤቱንም ጥለው አልሄዱም። «ኧረ ውጡ!» እያላችሁ ገጹን ትገልጣላችሁ፤ ማንም አይወጣም።

ፊልም ሠሪዎች ይቺን ታሪክ ደጋግመው ሞክረዋታል። በ1965 ቦሪስ ካርሎፍ የተወነበት ፊልም ታሪኩን ወደ እንግሊዝ ወስዶ ነገሩን አረንጓዴ የሚያበራ ድንጋይ አደረገው። አለቀ! አረንጓዴ ካላችሁትማ ምኑ ያስፈራል?

ሁዋን ቩ የተባለ ዳይሬክተር በ2010 በጀርመንኛ የሠራው «ዲ ፋርበ» ግን ጭንቅላት የታከለበት ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ዛፉም፣ ሰዉም፣ ቤቱም ግራጫ። ያ ነገር ሲመጣ ብቻ ቀለም ታያላችሁ። ወይን ጠጅ መሰል ነው፤ ሌላ ፊልም ላይ ቢሆን ልብም አትሉት። እዚህ ግን በዚያ ዓለም ውስጥ የሌለ ነገር ስለሆነ ያስበረግጋል። ሰውየው ጭራቁን አላሳመረም፤ የቀረውን ዓለም ቀለሙን ቀማው እንጂ።

በ2019 የወጣው የሪቻርድ ስታንሊ ፊልም ደግሞ ማጀንታን መረጠ፤ በደማቅ ሮዝና በወይን ጠጅ መሃል ያለችውን። ምርጫው ዋዛ አይደለም። ማጀንታ ቀስተ ደመና ውስጥ የለችም። ቀይና ሰማያዊ ብርሃን አንድ ላይ ዓይናችን ሲገባ አእምሯችን ነው የሚፈጥራት። ችግሩ ፊልሙ ይቸኩላል። መጽሐፉ ላይ ቤተሰቡ የሚያልቀው ከዓመት በላይ ወስዶ፣ ቀስ እያለ ነው፤ እዚህ ሁሉም በቀናት ውስጥ ያብዳል፣ አባትየውን የሚተውነው ኒኮላስ ኬጅም ይጮሃል። አብራኝ ያየችው ጓደኛዬ በጩኸቱ ስትስቅ ነበር። እናትየውና ትንሹ ልጅ ላይ የደረሰው ሲመጣ ግን ሁለታችንም ጭጭ አልን። እዚያ ላይ ፊልሙ እውነት ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ ምግብ አይታሰብም።

ገንዘብ ቢኖርስ ያልፍ ነበር? ጊየርሞ ዴል ቶሮ የላቭክራፍትን የአንታርክቲካ ታሪክ ለመሥራት ዓመታት ለፍቷል። በ2011 ዩኒቨርሳል 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሚፈጅና ለአዋቂ ለሚሆን ፊልም አልደፍርም አለ። በአንጻሩ በ2005 የደራሲው አፍቃሪዎች «የክቱሉ ጥሪ»ን በ47 ደቂቃ ድምፅ አልባ ፊልም ሠሩት፤ ታሪኩ በተጻፈበት በ1926 የተቀረጸ አስመስለው። ጭራቁ ሞዴል መሆኑ ያስታውቃል። የድሮ ፊልም ስለሚመስል ግን ዓይን ይቅር ይለዋል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ መጀመሪያ ታሪኳን አንብቡ። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ ቢሆንም በአንድ ማታ ታልቃለች። ቀጥሎ ጀርመንኛውን ለብቻችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ስልካችሁን ገልብጣችሁ እዩት። የኬጅን ከሰው ጋር። እራት ግን ቀድማችሁ ብሉ።