ጅረትን በሰዓት መክፈል

በአል ዓይን የቴምር ዛፎች ሥር ቀጭን ውሃ ይሮጣል፤ ፈለጅ ይሉታል። ከተራራ ግርጌ ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይ፣ ያለ ፓምፕ፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ የሚመጣ ነው። እዚያው አል ዓይን ውስጥ ሂሊ በተባለ ቦታ የተገኘው ፈለጅ 3000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው።

ውሃው ስለማያቋርጥ ‹ይህን ያህል የአንተ፣ ይህን ያህል የእሷ› ብሎ በእንስራ ማካፈል አይሆንም። የሚከፈለው ጊዜው ነው። ዓሪፍ የሚባለው ሰው፣ በእኛ አገር የውሃ አባት የምንለው፣ ቀን በጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት እየለካ ተራ ያስይዝ ነበር።

ኮምፒውተርም የገጠመው ይኸው ነው። ከባንክ ካርድ፣ ከስልክ፣ ከመንገድ ካሜራ የሚፈስ መረጃ ማለቂያ የለውም፤ ያላለቀ ነገር ደግሞ ድምሩ አይታወቅም። ስለዚህ ጅረቱን በጊዜ ይቆርጡታል፤ ቁራጩን መስኮት ይሉታል። በየአምስት ደቂቃው አንዱ ተዘግቶ ሌላው ከተከፈተ፣ ልክ እንደ ፈለጁ ተራ ነው። በየደቂቃው ያለፉትን አምስት ደቂቃዎች የሚያይ ተንሸራታች መስኮትም አለ፤ መጨናነቅ ሲጀምር ቶሎ ያሳብቃል። ሦስተኛው ዓይነት መስኮት ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም፤ ተጠቃሚው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ሲል ይዘጋል።

ከባዱ ነገር ግን መስኮቱን መቼ መዝጋት እንደሚገባ ማወቅ ነው። ለምሳሌ አቡ ዳቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ‹ዳርብ› የተባለ የመንገድ ክፍያ ተጀመረ። በአራት ድልድዮች መግቢያ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚያልፍ መኪና 4 ድርሃም ይከፍላል፤ የጠዋቱ ክፍያ በእኛ ሰዓት ከ1 እስከ 3 ነው። እንበል አንድ መኪና 2:59 ላይ ከአራቱ አንዱ የሆነውን የመቅጣ ድልድይ አለፈ፤ ኔትወርክ ዘግይቶ መዝገቡ 3:01 ላይ ደረሰ። የሚቆጠረው በየትኛው ነው? ባለፈበት ሰዓት ነው እንጂ በደረሰበት አይደለም። በመረጃ ጅረት ሥራ ሁለቱ ሰዓቶች ተለይተው የሚያዙት ለዚህ ነው።

ታዲያ ዘግይቶ የሚመጣውን እስከ መቼ እንጠብቅ? እንደ አፓቼ ፍሊንክ ያሉ ሥርዓቶች ከጅረቱ ጋር አንድ ምልክት ይልካሉ፤ ‹እስከዚህ ሰዓት ያለው ደርሷል› የሚል ግምት ነው። ምልክቱ ሲያልፍ መስኮቱ ውጤቱን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ መረጃ ወይ ውጤቱን ያሳርማል፣ ወይ ይጣላል። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት ትክክለኛነት፣ ፍጥነትና ወጪ አንዱ የሌላውን ድርሻ ይሻማሉ። ለመጨናነቅ ማስጠንቀቂያ እኔ ፍጥነቱን እመርጣለሁ፤ ከሰው ኪስ ገንዘብ ለሚቆረጥበት ግን የመጨረሻው መዝገብ እስኪደርስ መጠበቁን።