ለራዲዮና ለትናንሽ መሣሪያዎች የሚስማማውን አዳፕተር ስለ መምረጥ

በገጠር ትምህርት ቤት የሚገኝ ራዲዮ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ሕዝብ አዋጥቶ ቢገዛው ወይም መንግሥት ለልጆች ትምህርት ቢሰጠው የሁሉ ገንዘብ ነው፤ ቢበላሽም ጉዳቱ የሁሉ ነው። አዳፕተሩ፥ ማለት ከግድግዳ ሶኬት ኃይል ተቀብሎ ወደ ራዲዮው የሚያስተላልፈው ትንሽ ሣጥን፥ የጠፋ ወይም የተቃጠለ እንደ ሆነ ከአንዱ ቤት ሌላ ይመጣል። ጫፉ በራዲዮው ቀዳዳ ሲገባ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ጥቂት ሳይቈይ ራዲዮው ጢስ አውጥቶ ለዘለዓለም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ መምህራንና የመንደሩ አዋቂዎች ምርጫውን በጫፉ መግባት ሳይሆን በላዩ ባለው ጽሕፈት ሊመሩት ይገባል።

የአዳፕተር ሥራ

በኢትዮጵያ ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። ይህ ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ በ1 ሰከንድ ውስጥ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ይፈሳል፤ ስለዚህም ተለዋዋጭ ይባላል። ራዲዮና እርሱን የመሰሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት እንደ 5፥ 6፥ 9 ወይም 12 ቮልት ያለ ጥቂት ኃይል ነው፤ እርሱም በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ፥ ቀጥተኛ የሚባለው ነው። አዳፕተር ብርቱውን ያለዝባል፥ ተመላላሹንም ያቀናል።

ቮልትና አምፔር ምን እንደ ሆኑ በውኃ ወፍጮ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ውኃው ከከፍታ ወርዶ የሚገፋበት ብርታት እንደ ቮልት ነው፤ በቦዩ የሚያልፈው የውኃ ብዛት እንደ አምፔር ነው። ስሞቹ የተወሰዱት ከሁለት ሊቃውንት ነው፤ ቮልት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. ስለ ሠራው ባትሪ ካስታወቀው ከኢጣልያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ፥ አምፔርም ከፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር።

ጽሕፈቱን ስለ ማንበብ

በአዳፕተሩ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፉ ሁለት መሥመሮች ይገኛሉ። ኢንፑት የሚለው ከግድግዳ የሚገባውን፥ አውትፑት የሚለው ወደ መሣሪያው የሚወጣውን ኃይል ያመለክታል። የላቲን ፊደል የማያውቅ ሽማግሌ ቢኖር ተማሪ አስነብቦ ቁጥሩን ይመርምር፤ ይህ ነውር አይደለም።

አስቀድሞ የሚገባው ኃይል ይታይ። 220 ወይም ከ100 እስከ 240 ተብሎ የተጻፈ ቢሆን ለኢትዮጵያ ሶኬት ይስማማል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ሆኖ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን በ220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የመሰኪያውን እግር ለማመሳሰል የሚሸጠው መለወጫ ቅርጹን ብቻ ይለውጣል እንጂ ኃይሉን አይቀንስም።

ከዚህ በኋላ የሚወጣው ኃይል በራዲዮው ጀርባ ከተጻፈው ጋር በአምስት ነገር ይመዛዘናል።

1ኛ፤ ቮልቱ እኩል ይሁን። ቢበልጥ መሣሪያውን ያቃጥላል፤ ቢያንስ መሣሪያው አይሠራም፥ ወይም እያቋረጠ ይሠራል። የራዲዮው ጽሕፈት የጠፋ እንደ ሆነ የባትሪ ድንጋዮቹ ቁጥር ይረዳል። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለ ሆነ፥ ተከታትለው የተሰለፉ 4 ድንጋዮች 6 ቮልት፥ 6 ድንጋዮች 9 ቮልት ይሰጣሉ። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ ስላልሆነ ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ደግሞም ከባድ የሆኑት የቀድሞ አዳፕተሮች ጭነት ሲያንስባቸው ከተጻፈባቸው በላይ ሊሰጡ ይችላሉ፤ 9 የተባለው በቴስተር ሲለካ 12 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል።

2ኛ፤ የኃይሉ ዓይነት አንድ ይሁን። ቀጥታ መሥመር ከሥሩ ሦስት አጫጭር ሰረዞች ያሉት ምልክት ቀጥተኛውን፥ እንደ ማዕበል የታጠፈው ምልክት ተለዋዋጩን ያሳያል።

3ኛ፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አምፔሩ የበዛ አዳፕተር ራዲዮውን የሚጎዳ ይመስለዋል። አንድ ዳውላ መሸከም የሚችል በቅሎ ግማሽ ዳውላ ቢጫንበት ጭነቱ አይጎዳም፤ በቅሎውም አይደክምም። እንደዚሁም መሣሪያው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል። አምፔሩ ያነሰ ከሆነ ግን አዳፕተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይግላል፥ ይቃጠላልም። 1 አምፔር 1000 ሚሊአምፔር መሆኑ አይረሳ።

4ኛ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ አቀማመጥ አንድ ይሁን። በትንሹ ሥዕል መካከል ያለው ነጥብ የጫፉን ውስጠኛ ክፍል፥ የከበበው ቅስት ውጭውን ያመለክታል። በራዲዮው ላይ ነጥቡ ከመቀነስ ጋር ተያይዞ በአዳፕተሩ ላይ ከመደመር ጋር ቢያያዝ፥ ኃይሉ ተገልብጦ ስለሚገባ መሣሪያው ሊጠፋ ይችላል።

5ኛ፤ በመጨረሻ ጫፉ ይታይ። የውጭ ስፋታቸው 5.5 ሚሊሜትር ከሆኑት ጫፎች የአንዱ የውስጥ ቀዳዳ 2.1፥ የሌላው 2.5 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱን ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ሰፊው በቀጭኑ እሾህ ላይ ሲገባ ግን ይላላል፥ ድምፁም ይቆራረጣል።

ምሳሌ

ራዲዮው 9 ቮልት ቀጥተኛ፥ 500 ሚሊአምፔር፥ መካከሉ መቀነስ የሚል ነው እንበል። ቀጥተኛ ኃይል የሚሰጡ፥ መካከላቸው መቀነስ የሆነ ሦስት አዳፕተሮች ቀረቡ፤ አንዱ 12 ቮልት 1 አምፔር፥ ሁለተኛው 9 ቮልት 300 ሚሊአምፔር፥ ሦስተኛው 9 ቮልት 1 አምፔር። የሦስቱም ጫፍ ይገባል፤ የሚስማማው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው።

ጥንቃቄ

አዲሱ አዳፕተር ከተሰካ በኋላ እጅ እስከማያስቀምጥ ቢግል ወይም ቢሸት ወዲያው ይነቀል። አዳፕተርን መፍታትና ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ለባለሙያ ይተው፤ የግድግዳው ኃይል ሰው ይገድላልና። ከሁሉም የሚሻለው፥ የመጀመሪያው አዳፕተር በደህና ሳለ ቁጥሮቹንና ምልክቱን በወረቀት ጽፎ በራዲዮው ጀርባ መለጠፍ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የአንድ ቀን ጥቂት ድካም የብዙ ልጆችን ትምህርት ይጠብቃል።