የእንቅልፍ ኪኒንና የተሰበሰበ ሕሊና

ሰው በዚህ ዓለም ከሚሻቸው ነገሮች ብዙዎቹ በትጋት የሚገኙ ሲሆኑ፣ እንቅልፍ ግን አጥብቀው በፈለጉት መጠን የሚሸሽ ነው። መንፈቀ ሌሊት ካለፈ በኋላ በአልጋው ላይ እየተገላበጠ «ለመንጋት ሦስት ሰዓት ብቻ ቀረኝ» እያለ የሚያሰላ ሰው፣ ስሌቱ ራሱ ልቡን እያስመታ ንቃቱን ያበረታበታል፤ በማግሥቱም ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የአልጋው ፍርሃት ይይዘዋል።

ለዚህ ደዌ ሐኪሞች ከሚያዟቸው መድኃኒቶች አንዱ ኤስዞፒክሎን የሚባለው ኪኒን ሲሆን፣ የአንጎልን ንቃት በማብረድ እንቅልፍን ያፈጥናል። ዳሩ ግን ይህንና መሰሎቹን ከወሰዱት አንዳንዶቹ ሳይነቁ ተነሥተው ሲራመዱና መኪና ሲነዱ ለከባድ ጉዳት፣ አልፎ አልፎም ለሞት በመዳረጋቸው፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከመድኃኒቱ ጋራ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

ሁለተኛው መንገድ አሜሪካዊው ምሁር ጆን ካባት ዚን ከቡድሃ መነኮሳት ተመስጦ ቀስሞ፣ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱም ለይቶ፣ በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረውና ዛሬ በ8 ሳምንት የሚሰጠው ሕሊናን የመሰብሰብ ልምምድ ነው። ተማሪው በጀርባው ተንጋሎ፣ ከግራ እግሩ ጣቶች ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ የሰውነቱን ክፍሎች በየተራ በልቡናው ይጐበኛል፤ የነገ ጭንቀት ወይም የትናንት ቂም ሲመጣበትም ሳይታገለውና ሳይከተለው ወደ ጀመረው ይመለሳል። እንቅልፍን ማሳደድ ሲተው፣ ሲያነቃው የነበረው ፍርሃት ይቀልለታል።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንቅልፍ ማጣት የጸናባቸውን 30 ሰዎች በዕጣ ከፍለው፣ ለ20ው ልምምዱን፣ ለ10ሩ በየሌሊቱ 3 ሚሊግራም ኤስዞፒክሎን ለ8 ሳምንት ሰጡ። በ2011 የታተመው ውጤት በሁለቱም ወገን እንቅልፍ መሻሻሉን ገለጠ፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ በልጦ አልተገኘም። ይሁን እንጂ በዚህ ጥቂት ሰው ላይ ተመሥርቶ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የልምምዱ ድካም ከንቱ አለመሆኑን ግን ያስረዳል።

እንግዲህ ድንገተኛ ኀዘን ወይም ሕመም ለጥቂት ቀን እንቅልፍ የነሳው ሰው፣ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ለአጭር ጊዜ ቢወስድ አይነቀፍም፤ ምክንያቱም የ8 ሳምንት ትምህርት ለዛሬ ሌሊት አይደርስለትም። ለወራት የታወከው ግን ሌሊቱን ከመፍራት የሚያላቅቀው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2016 ከኪኒን በፊት እንዲሰጥ የመከረው፣ ስለ እንቅልፍ ያለውን አስተሳሰብና ልማድ የሚያርመውን የሥነ ልቡና ሕክምና ነው። ኪኒን የለመደ ሰው ግን ያለ ሐኪም ምክር በአንድ ጊዜ አያቋርጥ።